ቀኝ እጁን ስንጠብቅ

ወንድሜ ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ ጋራዥ የላሜራ ሠራተኛ ነበር። የተጋጨ በር፣ የተጨማደደ ፓራፋንጎ፣ የጎደጎደ ኮፈኖ ሲመጣ ቀጥቅጦ ወደ ነበረበት የሚመልሰው እሱ ነው። ብረቱ መስተካከሉን በዓይኑ አያምንም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቀኝ መዳፉን ከላይ እስከ ታች ያንሸራትትበትና፣ “እዚህች ጋ ገና ነች” ይላል። እኔ አጎንብሼ ባይ ባይ ምንም አይታየኝም።

በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ተማሪ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ “እትዬ” ነው የሚለኝ። እኔ ትዳር አልያዝኩም፤ እሱ ይዞ ፈረሰበት። ስለዚህ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እናታችን በኖረችበት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ሁለት ጎልማሶች እንደ ልጅነታችን አብረን እንኖር ነበር። እኔ በየጠዋቱ ወደ ኦሎምፒያ፣ እሱ ወደ ቡልጋሪያ። ማታ ስንገናኝ እሱ ቤንዚንና ስቱኮ ይሸታል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የለቃቀምኩትን የቢሮ ወሬ አወራለታለሁ።

ስትሮክ የመታው ሥራ ላይ ነው። የአንድ ታክሲ በር እየቀጠቀጠ ሳለ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ እንደገና ወደቀ። ጓደኞቹ “ዛሬ ምን ነካህ?” ብለው ሳቁበት። ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ምላሱ ተኮላተፈ፤ የከንፈሩ አንዱ ጎን ወደ ታች ወረደ። ያኔ ነው የደነገጡት። ያገኙት መኪና ውስጥ አስገብተው ሆስፒታል አደረሱትና ለእኔ ደወሉ። ስደርስ አልጋ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ደረቱ ላይ አንስቶ ይዞ ያየዋል። የሌላ ሰው ዕቃ ያቀበሉት ይመስል ነበር።

“የደም ግፊት ነው” አሉን። ግፊት እንዳለበት እናውቅ ነበር፤ ግን ግፊት የሌለበት የሰፈራችን ሰው ማን አለ?

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ምላሱ ተፈታለት። እግሩም እየጎተተው ቢሆን መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን ቀረ። ከትከሻው ተንጠልጥሎ፣ ሲራመድ ጭኑን እየመታ አብሮት ይሄዳል። ምግብ ሳቀርብለት “አልራበኝም” ይለኛል፤ ወጣ ብዬ ስመለስ ግን ሳህኑ ተነክቶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ቶሎ ተመልሼ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በግራ እጁ እየበላ ደረስኩበት። እንጀራው በግራ እጁ አልቆረስ ብሎት ጠቅልሎ በጥርሱ ይነጨዋል። እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። ቅዳሴ ስንሄድም ከሰው ርቆ ይቆማል። ሰው እጁን ሲዘረጋለት ግራውን እየሰጠ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” ማለት ሰልችቶት ነው።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል የምትረዳው ልጅ ወጣት ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ፊቷ ሁልጊዜ ትንሽ የደከመ። “ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ” ብትለውም ወንድሜ “ዶክተር” ማለቱን አልተወም። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም አስቀመጠችንና ስለ አንድ ጥናት ነገረችን።

“አንዱ እጅ ሲሰንፍ ሰው ሁሉንም ነገር በደህናው ይሠራል” አለች። “የሰነፈው እየተረሳ ይሄዳል። ሌላ አገር ደህናውን እጅ በጓንት ይሸፍኑና የሰነፈው እንዲሠራ ያስገድዱታል። እኛ አገር፣ ቤት ውስጥ፣ ቤተሰብ እየተከታተለው ቢሠራ ይጠቅማል ወይ? ከተለመደው እንቅስቃሴ ይበልጣል ወይ? የምናጠናው እሱን ነው። ግማሹ ታማሚ ጓንቱን ያደርጋል፣ ግማሹ የተለመደውን እንቅስቃሴ ይቀጥላል። ማን የቱ ውስጥ እንደሚገባ በዕጣ ነው የሚለየው፤ እኔም አልመርጥም።”

“ይሠራል?” አላት ወንድሜ።

“አናውቅም። ብናውቅማ አናጠናውም ነበር።”

ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ነው የተነሳው። “ማለቴ... መሞከሪያ ልታደርጊኝ ነዋ!”

“መግባትም፣ ገብቶ መተውም የእርስዎ ፈቃድ ነው። እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቋረጥም። ዛሬ መወሰን የለብዎትም፤ ከእህትዎ ጋር ተማክረው ይምጡ።”

ወደ እኔ ዞረ። በታክሲ ስንመለስ መስኮቱን እያየ፣ “ተኝቶ ነው ያለው እጄ። ምን ይብስበታል?” አለኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፈቃዱን ሰጠ።

ዕጣው የወጣ ቀን ኮሪደሩ ላይ አጠገባችን አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ካዛንቺስ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የመጋረጃ ጨርቅ የገዛሁት ከእሳቸው እንደነበር ወሬ ስንጀምር ታወቀ። “ውይ፣ ያንቺ መጋረጃ አልነተበም እስካሁን?” ብለው አሳቁኝ። የእሳቸውም ቀኝ እጅ ነው የሰነፈው፤ ልጃቸው ደግፎ ነው ያመጣቸው። ዕጣው ያለበት የታሸገ ፖስታ ሲከፈት ወንድሜ የጓንቱ፣ እሳቸው የተለመደው እንቅስቃሴ ቡድን ውስጥ ገቡ።

“አንተ ዕድለኛ ነህ ልጄ” አሉት።

“ዕድል መሆኑን ማን ያውቃል እማማ?”

“እሱስ አላህ ነው የሚያውቀው” አሉና በደህናው እጃቸው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሯችን ሲገጥም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሳቸው “እስቲ አሳየኝ፣ ጣትህ ተነሳ?” ይላሉ፤ እሱም “የእርስዎስ እማማ?” ይላል። ኮሪደር ላይ ጣቶቻቸውን እያነጻጸሩ እንደ ልጅ ይሳሳቃሉ።

ከመጀመራችን በፊት ልጅቷ እጁን በደንብ መረመረችው። ትናንሽ እንጨቶች ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እንዲያሻግር ሰጠችው፤ አንድም አላሻገረም። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍና በጥጥ ነካ አደረገችው፤ አላወቀም። መዳፉ ላይ ቁልፍ አስቀምጣ ጣቶቹን በራሷ እጅ ከደነቻቸውና “ምን ያዙ?” አለችው።

“ምንም” አላት።

አልደበቀችንም። “የመዳሰስ ስሜቱ በጣም ደክሟል” አለች። “እንቅስቃሴው ቢመለስ እንኳን ስሜቱ ላይመለስ ይችላል። ይሄን ከአሁኑ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።” ጆሮዬ ሰምቷል። ልቤ የያዘው ግን “እንቅስቃሴው ቢመለስ” የሚለውን ብቻ ነበር።

ጓንቱ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ፣ ጣቶቹ ያልተለያዩ፣ ትኩስ ድስት የሚያነሱበት ዓይነት ነው። ጠዋት ግራ እጁ ላይ ይጠለቅና ማሰሪያው አንጓው ላይ ይጠብቃል፤ ከሽንት ቤትና ከመታጠብ በቀር እስኪተኛ አይወልቅም። ጠዋት ጠዋት የማስረው እኔ ነኝ፤ አንድ እጅ ራሱን ማሰር አይችልማ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ልጅቷ ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ “አያግዙት። አስቸጋሪ ነው፤ ግን አያግዙት።”

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሽሮ ነበር። ቀኝ እጁ ከትከሻው ተወርውሮ ሳህኑ ላይ አረፈ። ጣቶቹ አልተከፈቱም። በጡጫው ሽሮውን ነካው፣ ወደ አፉ ሊያነሳው ሞከረ፣ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ጭኑ፣ ሸሚዙ፣ ምንጣፉ ሽሮ ሆነ። እንደገና። እንደገና። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሁለት እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቻለሁ፤ ካልሆነ ተነስተው ሊያጎርሱት ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናታችን ሥራ ስትሄድ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ከፊቴ በራብ ሲታገል ማየትና ዝም ማለት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ ሳህኑን በጓንቱ ገፍቶ ከጠረጴዛው ወረወረው። ከዚያ እኔ ወለሉን ጠረግሁ፣ እሱ አለቀሰ፣ ሌላ ሳህን አመጣሁ።

ቤታችን ከጎረቤት በአንድ ቀጭን ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ወሬው ቶሎ ወጣ። “የታመመ ወንድሟን እንደ እብድ አስራ ታስቀምጠዋለች” ተባልኩ። አንዲት ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ፊት ለፊት ተናገረችኝ።

“አንቺ፣ የበሽተኛ እጅ ይታሰራል? ጠበል አትወስጅውም?”

መልስ ከመስጠቴ በፊት ወንድሜ ከውስጥ ጮኸ። “እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ እሰሪኝ ያልኳት! በቃ፣ ተይኝ!”

ጠበሉንም ቢሆን አልተውነውም። በማለዳ ጠበል ተጠምቆ ይመጣል፤ ከዚያ ጓንቱን አስርለታለሁ። ልጅቷ ይህን ስነግራት “እሱ ጥሩ ነው፤ በእግር ከሄደበት ደግሞ የበለጠ ጥሩ” አለችኝ።

ለልምምድ አተርና ባቄላ እንዲለቅም ነበር የተነገረን። ወንድሜን አተሩ አናደደው። “ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው” አለና የጋራዥ ጓደኞቹ የተደባለቀ ብሎንና ዳዶ በጣሳ እንዲያመጡለት አደረገ። ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈውና በዚያች እጁ ይለያል፤ ዳዶ ወዲህ፣ ብሎን ወዲያ። መጀመሪያ የሚለየው በጡጫው እየገፋ ነው። ቀጥሎ አውራ ጣቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ከሰዓት ከቢሮ ስመለስ “እትዬ፣ እዪ እዪ!” አለኝ። አንድ ብሎን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መሃል ቆሟል። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን አየነው። ወደቀና እየተንከባለለ አልጋ ሥር ገባ፤ ተንበርክኬ ፍለጋ ገባሁ፤ እሱ ከላይ ይስቃል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ የሚመጣ መሰለን። ብርጭቆ ያዘ። የሸሚዙን ትልቁን ቁልፍ አስገባ። አማተበ፤ እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ እየተንቀጠቀጠ ወረደ እንጂ አማተበ። አንድ ምሳ ላይ እንጀራ ቆርሶ፣ ምስር ጠቅልሎ፣ ወደ ራሱ አፍ ሲወስደው እያየሁ እጁ መንገድ ቀየረና ወደ እኔ መጣ።

“አፍሽን ክፈቺ።”

ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ጎረስኩት። “ጉርሻ አንድ ከሆነ ያጣላል” ብሎ ሁለተኛውን ለማምጣት ሲታገል መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጥ ልጨምር ብዬ ወደ ጓዳ ሄጄ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ምርመራ እንጨቶቹን ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲያሻግር ልጅቷ ሰዓት መያዟን ረስታ አጨበጨበች። ከዚያ አፍራ “እኔ ማጨብጨብ የለብኝም፤ የሚመዝነውም ሌላ ሰው መሆን አለበት” አለችና ባልደረባዋን ጠርታ ምርመራውን አስደገመች።

በዚያው ሰሞን ነው እማማ መምጣት ያቆሙት። ካዛንቺስ መፍረስ ጀምሮ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ስናገኛቸው “እኛም ተነሱ ተብለናል” አሉን። “ሱቁም ቤቱም እዚያው ግቢ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶናል፤ ከተማው ዳር ነው አሉ። ልጄ አይቶት መጥቷል፤ ‘አየሩ ጥሩ ነው እማ’ ይለኛል።” ከዚያ ወንድሜን “አየር ይበላል እንዴ?” አሉት። ሳቁ፤ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቦታቸው ባዶ ነበር። በተከታዩም። ልጅቷ ስልካቸው አይሠራም አለችን። ወንድሜ በመጣን ቁጥር ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ “ሁለት ሦስት ታክሲ ይይዙ ይሆናል፤ በዚያ እግር እንዴት ይምጡ” ይላል ለራሱ።

የጥናቱ ሕክምና አልቆ ጓንቱን ከመለስን በኋላ፣ ወንድሜ አንድ ጠዋት የሥራ ልብሱን ለበሰ። እኔ አጥቤ ካስቀመጥኩት ቆይቷል። “ዝም ብዬ ላያቸው ነው” አለኝ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። እስከ ቡልጋሪያ በእግራችን ቀስ እያልን ሄድን። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሥራውን ጥሎ መጣ፤ አቀፉት፣ ትከሻ በትከሻ ሰላም አሉት። ቀኝ እጁን እየዘረጋ አንድ በአንድ ጨበጣቸው። የጋራዡ ባለቤት ሻይ ሊያዝዝለት ሲል ወንድሜ ግን ወደ አንድ የተገጨ የቤት መኪና እየሄደ ነበር።

መዶሻ አነሳ። ያዘው። ቀጠቀጠም፤ ቀስ ብሎ፣ እየደከመው፣ ግን ቀጠቀጠ። ጓደኞቹ “አንበሳ!” አሉት። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና መዳፉን በሩ ላይ አንሸራተተ። ቆም አለ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ አልገባኝም፤ የሆነ ድምፅ ለመስማት ጆሮውን እንደሚያቆም ሰው ነበር። ዓይኑን ገለጠ፤ ብረቱን አየ፤ በግራ እጁ ዳሰሰው፤ በቀኙ መልሶ ዳሰሰው።

“በል ና፣ ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ” አለው ባለቤቱ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። ለእሱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

ሻዩን ጠጣ። ቀልዳቸውን ሳቀ። ቤት ገብተን የሥራ ልብሱን ከነቆሻሻው አጣጥፎ አልጋው ሥር ከተተው። ከዚያ “እትዬ፣ እጄ መጥቷል። ግን የኔ እጅ አይደለም የመጣው” አለኝ።

ለልጅቷ ሲነግራት እስኪጨርስ አዳመጠችው። አልተከላከለችም፤ “ነግሬዎት ነበር” አላለችም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘችው፤ እንደ ሐኪም አልነበረም። “ስሜቱን ለመመለስ የሚሠሩ ልምምዶች አሉ፤ እንሞክራለን” አለችው። “ቃል ግን አልገባልዎትም።” ሞከሩ። አሸዋ፣ ሻካራ ጨርቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ትንሽ ነገር መጣ፤ ትኩስና ቀዝቃዛን መለየት ጀመረ። ለላሜራ የሚሆነው ግን አልመጣም።

ዓመት ካለፈ በኋላ በጥናቱ የተሳተፉትን ሁሉ ሰብስበው ውጤቱን ነገሩን። አዳራሹ ውስጥ ከዘራ የያዘ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ፣ በሰው የተደገፈ ሰው ሞልቶ ነበር። ጥናቱን የሚመሩት ሐኪም በቀላል አማርኛ ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ሁለቱም ቡድን ተሻሽሏል አሉ። ጓንት ያደረጉት ትንሽ ይበልጣሉ፤ ልዩነቱ ግን በዕጣው አጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ሆነን ይህ ይሻላል ማለት አንችልም አሉ።

ወንድሜ እጁን አነሳ። ቀኝ እጁን ነው ያነሳው። “ዶክተር፣ ማለቴ... እኔ ባልታሰርም እዚሁ እደርስ ነበር ማለት ነው?”

ሐኪሙ “ሊሆን ይችላል” አሉ። “ላይሆንም ይችላል። ስለ ብዙ ሰው በአንድነት እንጂ ስለ እርስዎ ብቻ ጥናቱ ሊነግረን አይችልም። ይቅርታ፤ እውነቱ ይሄ ነው።”

“እሺ” ብሎ ተቀመጠ። እኔ ግን መቀመጫው አቃጠለኝ። ያ ሁሉ ሳህን፣ ያ ሁሉ ሽሮ፣ ያ ሁሉ ጠዋት አንጓውን ሳስር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ያደረግነው ነገር ፊቴ ላይ መጣ። ማንን እንደምቆጣ አላወቅሁም። የዋሸን የለም። ከመጀመሪያውም “አናውቅም” ነው ያሉን።

ስንወጣ አንድ ወጣት በር ላይ ጠበቀን። የእማማ ልጅ ነበር። “ከእናቴ ጋር ይቀመጡ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?” አለው ወንድሜን። “እናቴ አርፋለች። አዲሱ ቤት ከገባን ብዙም አልቆየች። አራተኛ ፎቅ ነበር፤ መውረድ አልቻለችም። እዚያ የምታውቀው ሰው የለም፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ጣቷን ግን እስከ መጨረሻው ታንቀሳቅስ ነበር። ‘የጓንቱ ልጅ እንዴት ሆነ ይሆን?’ ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው የመጣሁት፤ እንድነግራት ሳይሆን... በቃ እንዲሁ፣ ላይዎት ፈልጌ ነው።”

ወንድሜ ልጁን አቀፈው። ረጅም ሰዓት አልለቀቀውም። እኔ ነፍስ ይማር ልበል፣ አላህ ይዘንላት ልበል ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም አልኩ።

ከዚያ ወንድሜ “ሱቃቸው የነበረበትን ታውቂዋለሽ አይደል? አሳዪኝ” አለኝ። ካዛንቺስ ወረድን። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መሄጃው ንጹሕ ነው፤ መብራቶቹ ተደርድረዋል፤ ሣር ተተክሏል። ከዓመታት በፊት ጨርቅ ተሸክሜ የወጣሁባትን ቀጭን መንገድ ፈለግኳት። እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ስልባጅ ሻጭ፣ ከዚያ... እያልኩ ወዲያና ወዲህ ሄድኩ። የምይዘው ምልክት አልነበረም። አንድ ሣር ላይ ቆምኩና “እዚህ ይመስለኛል” አልኩት። ላይሆን ይችላል። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ።

ወደ ቤት ስንመለስ “ጥሩ ነው እንግዲህ” አለ። “ቢያንስ ከእንግዲህ የሚታመም ሰው ጓንቱ መብለጡ እርግጠኛ እንዳልሆነ ሳያውቅ አይታሰርም።” የመረረው መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልመረረውም። እኔን ነው የመረረኝ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

አሁን ወንድሜ የመኪና መለዋወጫ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ዕቃ ከመደርደሪያ ሲያወርድ እጁን እያየ ነው የሚያወርደው፤ ዓይኑን ካነሳ ዕቃው ይወድቃል። ቀኝ እጁ የያዘውን የሚነግረው ዓይኑ ብቻ ነው። የግፊቱን ክኒን አይረሳም። በጋራዡ በኩል ግን አያልፍም፤ በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ጓደኞቹ መጥተው ይጠይቁታል፤ ደስ ብሎት ይቀበላቸዋል፤ ስለ ሥራ ማውራት ሲጀምሩ ተነስቶ ውሃ ይጠጣል።

ባለፈው ክረምት ከእኛ በላይ ካለው መንደር አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። ባሏን እንደ ወንድሜ ስትሮክ መትቶታል። “እዚያ ጥናት ውስጥ ነበራችሁ ሲሉ ሰማሁ” አለችኝ። “እስቲ ንገሪኝ፣ እጁን ልሰረው? ይሻለዋል?” ዓይኗ ያበጠ ነው። ምን ልበላት? እኔ የማውቀው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። “ራስሽ አትሞክሪ፤ ሆስፒታል ውሰጂው፤ እነሱ ለእሱ የሚሆነውን ይነግሩሻል” አልኳት። ይህን ስላት ፊቷ ወደቀ። ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር የመጣችው።

ወንድሜ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ ወጣ። “ይናገራል?” አላት።

“አይ። ምላሱም ተይዟል። ያለቅሳል ብቻ።”

“ቤታችሁ የቱ ጋ ነው?”

ነገረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይሄዳል። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። የሚመክረው ወይም ልምምድ የሚያሠራው ነበር የመሰለኝ። ምንም አላደረገም። ሰውየው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ነበር፤ ወንድሜ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ነበር፣ ድምፁ ተቀንሷል። ሁለቱም ኳሱን ያያሉ። አንድ ጊዜ ሰውየው በጉሮሮው የሆነ ድምፅ አወጣ፤ ወንድሜ “አዎ፣ ኦፍሳይድ ነበር” አለው። ሌላ ወሬ አልነበረም።

ልንወጣ ስንል ሴትየዋ በር ድረስ ሸኘችን። “እሱ ሲኖር አያለቅስም” አለችኝ በለሆሳስ። “ከሄደ በኋላ ግን ይጀምራል።”

ወንድሜ ከፊታችን እግሩን እየጎተተ ቁልቁለቱን መውረድ ጀምሮ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ተከተልኩት።